የሙቀት ጋሻን አስልቶ በእሳት መፈተን፦ ለጎንደር የፊዚክስ ክበቦች የአሠራር መመሪያ

ከጠፈር የምትመለስ ካፕሱል ለምን ትግላለች ቢባል ብዙ ሰው «በአየር ሰበቃ» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መልስ ግን ጋሻ አይሠራም። በሰከንድ 8 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ለሚወረወር ነገር ከፊቱ ያለው አየር መንገድ ለመልቀቅ ጊዜ የለውም። ይጨፈለቃል፤ ከካፕሱሏ ፊት ለፊትም ሾክ ዌቭ የሚባል ቀጭን ግንብ ይቆማል። ግንቡን አልፎ የገባው አየር በሺዎች በሚቆጠር ዲግሪ ይግላል፣ ሞለኪውሎቹ ይፈርሳሉ፣ ያበራል። ጋሻውን የሚያቃጥለው በዋናነት ይህ የጋለ አየር ነው። ጥፋቱ የሰበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሹል አፍንጫ በተሻለ ነበር። አሜሪካዊው ጁሊያን አለን ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተቃራኒውን አሳየ፦ ዱልዱም ፊት ሾክ ዌቩን ከገላው ያርቀዋል፤ አብዛኛው ሙቀትም አየሩ ውስጥ እንዳለ ወደ ኋላ ይፈሳል።

ሥራው ሁለት ነው። አንዱ በወረቀትና በኤክሴል የሚሠራ ስሌት ሲሆን፣ ሌላው ጎንደር ገበያ ላይ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ የእሳት ፈተና ነው። ስሌቱ ይቅደም። ቁጥሩን ሳያውቁ ችቦ መለኮስ ዕቃ ማቃጠል ነው እንጂ ፈተና አይደለም።

ስሌቱ

ምሳሌያችን ከጅራታም ኮከብ ብናኝ ይዛ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2006 ዩታ በረሃ ላይ ያረፈችው የስታርደስት ካፕሱል ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ምድር ከተመለሱ ሰው ሠራሽ ነገሮች ሁሉ ፈጣኗ እርሷ ነበረች።

ደረጃ 1። አምስት ቁጥሮች ጻፉ፦ ክብደት 46 ኪሎ ግራም፣ ዲያሜትር 0.81 ሜትር፣ የአፍንጫ ሬድየስ 0.23 ሜትር፣ የመግቢያ ፍጥነት በሰከንድ 12,900 ሜትር፣ ከአድማስ በታች ያዘነበለችበት አንግል 8.2 ዲግሪ።

ደረጃ 2። የባለስቲክ ቁጥሯን አውጡ። የፊቷ ስፋት 0.515 ካሬ ሜትር ይሆናል። የአየር መጎተት ቁጥሩን 1.5 ብላችሁ ያዙ። 46 ÷ (1.5 × 0.515) ወደ 60 ኪሎ ግራም በካሬ ሜትር ይሰጣል። ይህ ቁጥር ያነሰላት ካፕሱል ገና ስስ አየር ውስጥ ሳለች ፍጥነቷን ትጥላለች፤ ሙቀቱም ይቀልላታል።

ደረጃ 3። ሙቀቱ የሚበረታበትን የአየር እፍጋት ፈልጉ። የባለስቲክ ቁጥሩን በአንግሉ ሳይን አባዙና ለ3 × 7000 አካፍሉ። 7000 ሜትር ማለት አየሩ በ2.7 እጥፍ ለመሳሳት የሚፈልገው ከፍታ ነው። 60 × 0.1426 ÷ 21,000 = 0.000407 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ። እንዲህ ያለ አየር የሚገኘው 58 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። ጎንደር ላይ ከምንተነፍሰው ከ2,000 እጥፍ በላይ የሳሳ ነው፤ ያ ሁሉ እሳት የሚነሣው ከዚህ ስስ አየር ነው።

ደረጃ 4። እዚያ ከፍታ ላይ የቀራት ፍጥነት የመግቢያው 0.846 እጅ ነው፦ በሰከንድ 10,913 ሜትር።

ደረጃ 5። ሳተንና ግሬቭስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ቀመር የሙቀት ፍሰቱን አስሉ። እፍጋቱን ለአፍንጫው ሬድየስ አካፍላችሁ ዳግም ዘሩን ውሰዱ፤ 0.0421 ይመጣል። ይህን በፍጥነቱ ኩብ (1.3 ትሪሊዮን)፣ ከዚያም በ0.00017415 አባዙ። ውጤቱ ወደ 9.5 ሚሊዮን ዋት በካሬ ሜትር፣ ማለትም 950 ዋት በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ታክል ቦታ ላይ የአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጉልበት ተከመረ ማለት ነው።

ደረጃ 6። ጠቅላላውን ጭነት አስሉ። 0.00017415 × የመግቢያ ፍጥነት ካሬ × የሚከተለው ዳግም ዘር፦ 3.1416 × 60 × 7000 ÷ (0.23 × 0.1426)። ውጤቱ 184 ሚሊዮን ጁል በካሬ ሜትር ነው።

አሁን የጁሊያን አለን ነገር በቁጥር ይታያል። ካፕሱሏ ይዛው የመጣችው ጉልበት 3.8 ቢሊዮን ጁል ነው፤ ከ100 ሊትር በላይ ናፍጣ ሲነድ የሚሰጠውን ያህል። ፊቷ በሙሉ የአፍንጫዋን ያህል ቢመታ እንኳ ወደ ጋሻው የገባው 95 ሚሊዮን ጁል ነው። ከመቶ 3 አይሞላም። የቀረውን አየሩ ወስዶታል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ቀመሩ የሚይዘው ከጋለው አየር በንክኪ የሚገባውን ሙቀት ብቻ ነው። በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ አየሩ ራሱ እያበራ በጨረር የሚያስገባው ሙቀት ይደመርበታል፤ ይህኛው ደግሞ አፍንጫው በሰፋ ቁጥር ይብሳል። ሁለተኛ፣ ደረጃ 3፣ 4 እና 6 ካፕሱሏ ቀጥ ባለ መስመር ትወርዳለች ብለው ነው የሚያሰሉት። አንግሉ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እውነተኛው መንገድ እየጋደመ ስለሚሄድ የምትቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ ጠቅላላ ጭነቱም ከ184 ሚሊዮን ይበልጣል። ስለዚህ ቁጥሩ መነሻ ነው፤ ጋሻ የሚቆረጥበት ልክ አይደለም።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ኤክሴል ላይ ነው። የኤክሴል ሳይን ዲግሪ አያውቅም፤ የሚቀበለው ሬድያን ነው። 8.2ን እንዳለ ካስገባችሁት 0.1426 በማለት ፈንታ 0.94 ይላችኋል፤ የሙቀት ፍሰቱም ከ950 ወደ 2,450 ገደማ ይዘላል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ «ጠፈር አይደል፣ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ፍጥነትን በኪሎ ሜትር ማስገባት ደግሞ ውጤቱን ቢሊዮን ጊዜ ያሳንሰዋል፤ ይህኛው ቶሎ ይታያል። ከሁሉ የሚደበቀው በሬድየስ ፈንታ ዲያሜትር ማስገባት ነው፤ ፍሰቱን ከመቶ 29 ብቻ ስለሚቀንሰው ማንም አይጠረጥረውም።

ደረጃ 7። ገላው ምን ያህል ይግላል? የገባው ሙቀት ሁሉ በጨረር ቢወጣ ብላችሁ አስቡ። ፍሰቱን (በዋት በካሬ ሜትር) ለ0.9 × 0.0000000567 አካፍሉና ዳግም ዘሩን ሁለት ጊዜ ውሰዱ። ለስታርደስት ወደ 3,700 ኬልቪን ይመጣል። እዚያ ካርቦን እንኳ ጠጣር እንደሆነ አይቆይም። ስለዚህ ጋሻዋ ፒካ ከሚባለው፣ ፌኖሊክ በሚባል ሬዚን (ሰው ሠራሽ ሙጫ) ከተነከረ ቀላል የካርቦን ጭረት ተሠርቶ እየከሰለና እያለቀ ሙቀቱን ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። ፍሰቱ 26 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ደግሞ ስሌቱ 1,500 ኬልቪን፣ ማለትም 1,230 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ይላል። የስፔስ ሹትል (የናሳ ተመላላሽ መንኮራኩር) ጥቁር ጡቦች 1,260 ዲግሪ ድረስ ይችሉ ነበር፤ ሳያልቁም ደጋግመው በረዋል። የመንገዱ መለያያ ይህ ቁጥር ነው፦ ወይ የሚችል ጡብ ወይ የሚያልቅ ጋሻ።

26 የሚለውን ቁጥር አስታውሱት፤ ተራ የጋዝ ችቦ የሚደርሰው እዚያው አካባቢ ነው።

የችቦውን ኃይል መለካት

የአምራቹ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የነበልባል ሙቀት ለእኛ ሥራ አይሆንም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በባሕር ዳርቻ ልክ የተሠራ ችቦ በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ቢጫ ነበልባል ይሰጣል፣ ጥላሸትም ይተፋል። የችቦውን የአየር ቀዳዳ ሙሉ ክፈቱና ሰማያዊ እስኪሆን አስተካክሉ። ከዚያ ለኩት።

መለኪያው የመዳብ ቁራጭ ነው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ባር ግዙና 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አስቆርጡ። የመሬት ማሰሪያ ዘንግ አትግዙ፦ አብዛኛው ከላይ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ማግኔት አስጠጉ፤ ከሳበው መልሱት። 10 ሚሊ ካልተገኘ 5 ሚሊ ይበቃል እንጂ ሁለት 5 ሚሊ አትደራርቡ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ቀጭን አየር ልኩን ያበላሸዋል።

ከጀርባው እስከ መሐሉ ድረስ በ2 ሚሊ ትራፓኖ ብሱ። የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ባለ ሁለት ሽቦ) ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡና የቀዳዳውን አፍ በምስማር ጫፍ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ እየመታችሁ አጥብቁት። ሙጫ አይቻልም፤ ሙጫው ራሱ ሙቀት ይከለክላል። ቴርሞካፕሉ ሙቀት ማንበብ ከሚችል ዲጂታል መልቲሜትር ጋር ይገናኛል። በኮሮና ጊዜ ግንባር ይለካባቸው የነበሩት ጠመንጃ መሰል መሣሪያዎች ለዚህ አያገለግሉም፤ የሚያነቡት የሰውነት ሙቀት አካባቢ ብቻ ነው።

መዳቡን መሐሉ በተቀደደ የደረቀ የጀሶ ሰሌዳ ውስጥ አስቀምጡ። ዙሪያውን 1 ሚሊ ክፍተት ይኑረው፤ በሦስት ቀጫጭን ሽቦ ብቻ ይያዝ። ከጀሶው ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ ወደ ጎን ያመልጣል።

ችቦውን በአንጎላሬ ማቆሚያ ላይ እሰሩ፤ በእጅ አይያዝም። አፉ ከመዳቡ 7 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ቦታውንም በቀለም ምልክት አድርጉበት። መጀመሪያ ነበልባሉን ወደ ጎን አዙራችሁ አንድ ደቂቃ ይረጋ፣ ከዚያ ወደ መዳቡ መልሱት። ንባቡን በየሁለት ሰከንዱ አንድ ሰው ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ። በስልክ መቅረጽ ይቀልላል።

የመጀመሪያዎቹን ንባቦች ጣሉ። ከጋዙ ቃጠሎ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ መዳብ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ውሃ ሲሆን የሚለቀው ሙቀትም ልኩን ያሳብጣል። ከ70 ዲግሪ በላይ ያለውን ብቻ ያዙ። ለምሳሌ ከ70 ወደ 130 ለመውጣት 8 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ 7.5 ዲግሪ ነው። ለ10 ሚሊ መዳብ ይህን በ3.45 አባዙ፤ ለ5 ሚሊ በ1.72። 7.5 × 3.45 = 26 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር። 3.45 የመጣው የመዳብ እፍጋት (8.96)፣ የሙቀት መያዣው (0.385) እና ውፍረቱ በሴንቲ ሜትር ሲባዙ ነው፤ ሌላ ብረት ከተጠቀማችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ታወጣላችሁ። ይህ መለኪያ የአሜሪካ የፈተና ደረጃዎች ውስጥ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኢ 457 ተብሎ የሚታወቀው ዘዴ ቤት ያፈራው ወንድም ነው።

ሦስት ጊዜ ለኩ። በየመካከሉ መዳቡን ውሃ ውስጥ አቀዝቅዙ፣ አድርቁ፣ ጥላሸቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ። ሦስቱ ከመቶ 10 በላይ ከተለያዩ ነፋስ አለ ወይም ጋዙ እየደከመ ነው። የጋዝ ቆርቆሮ ሲሠራ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ከመፈተኑ በፊትም በኋላም መዳቡ ይለካ፤ አማካዩ ይያዝ። ፈተናው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት ነፋሱ ስለሚበረታ ዙሪያውን በቆርቆሮ መከለል ግድ ይሆናል።

ናሙናዎቹ

ሁሉም 60 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑራቸው። አራት ዓይነት ይበቃል።

የመጀመሪያው ቡሽ ነው። ከሆቴሎች የወይን ጠርሙስ ክዳን ሰብስቡ፤ እውነተኛው ቡሽ እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም። ቡሽ ተራ ነገር መስሎ እንዳይታያችሁ፦ ማርስ ላይ ባረፉት ቫይኪንግ በተባሉ መንኮራኩሮች ጋሻ ውስጥም የተፈጨ ቡሽ ነበረበት። ክዳኖቹን በ20 ሚሊ ሜትር ቁረጡ፣ አንዱን መሐል አድርጋችሁ ስድስቱን ዙሪያውን ደርድሩ፣ ከዚያ በኋላ በ60 ሚሊ ከርክሙት። በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት በተፈጨ ቡሽና በጥቂት ኢፖክሲ ድፈኑ። ኮላ አትጠቀሙ፤ ገና ሳይግል ይቀልጣል። ክፍተት ከቀረ ነበልባሉ በዚያ ሰርጎ ጀርባውን ያገኘዋል። ድፍኑ ከፊቱ አልፎ ከወጣ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት እኩል አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2005 በሹትል ዲስከቨሪ ሆድ ላይ ከጡቦቹ መካከል ሁለት መድፈኛዎች ብቅ ብለው ስለተገኙ ጠፈርተኛው ስቲቭ ሮቢንሰን ወጥቶ በእጁ ነቅሎ አወጣቸው። ትንሽ ጉብታ ለስላሳውን የአየር ፍሰት ያናውጠዋል፤ የታወከ አየር ደግሞ ከኋላው ያለውን ገላ ይበልጥ ያግላል።

ቡሹን ከፊት በኩል ኢፖክሲ አትቀቡት። ያማረ መስሎ ይታያል፤ ውስጡ ሲከስል የሚፈጠረው ጋዝ ግን መውጫ ያጣና የከሰለውን ቅርፊት ገፍቶ ይጥለዋል። ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከጨረቃ ዙሪያ የተመለሰችው ኦራየን ካፕሱል ጋሻ ላይ ከሰሉ በየቦታው ተቦጫጭቆ ተገኝቷል። ናሳ የደረሰበት ምክንያትም ጋሻው በቂ ጋዝ ስላላሳለፈ ውስጡ ግፊት ተጠራቅሞ ሰነጠቀው የሚል ነው።

ሁለተኛው እንጨት ነው፦ ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ። ሁለት ናሙና ሥሩ፤ አንዱ ጭረቱ ወደ ነበልባሉ የቆመ፣ ሌላው የተጋደመ። የቆመው ጋዙን በጭረቱ በኩል ያስተነፍሳል። የተጋደመው ከሰሉ በንጣፍ በንጣፍ እየተነሣ ይወድቃል። የተቀባ ወይም ለምስጥ መድኃኒት የተነከረ እንጨት ግን አይቃጠል፤ ጢሱ መርዝ ነው።

ሦስተኛው ሸክላ ነው። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን ከእናንተ የተሻለ ያውቁታልና ልኩን ሰጥታችሁ እነሱ ይሥሩት፣ እነሱ ይተኩሱት። አንዱን ያለ ጭድ፣ ሌላውን ደቀቅ ያለ የጤፍ ጭድ ገብቶበት አሠሩ። ጭዱ ሲተኮስ ይነድና ቀዳዳ ይተዋል፤ ቀዳዳው አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያሳልፍም። አደራ፦ እርጥብ ሸክላ ችቦ ፊት አይቀመጥ። ውስጡ ያለው ውሃ ድንገት እንፋሎት ሆኖ ሸክላውን ያፈነዳዋል፤ ስባሪውም ዓይን ያጠፋል። የተተኮሰ ሸክላም በክረምት እርጥበት ስለሚስብ ከፈተናው በፊት በለዘበ ምጣድ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይድረቅ።

አራተኛው 20 ሚሊ አሉሚኒየም ነው። ማነጻጸሪያ ነው፦ ሙቀቱን ሳይከላከል በገላው የሚጠጣ።

ለእያንዳንዱ ናሙና ጀርባ 2 ሚሊ የአሉሚኒየም ላሜራ አስጠጉ፤ የካፕሱሏ ቆዳ እርሱ ነው። ቴርሞካፕሉ ላሜራው መሐል ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ይጥበቅ። የሹትል አሉሚኒየም ቆዳ ከ177 ዲግሪ ሴልሽየስ እንዳያልፍ ነበር የተወሰነለት። እኛም ማለፊያ ነጥባችንን እዚያው እናድርገው።

እሳቱ

ደጅ ላይ፣ ከሣርና ከናይለን ሸራ ርቆ ይሠራ። መነጽር፣ የጥጥ ልብስ፣ አንድ ባልዲ አሸዋና አንድ ባልዲ ውሃ ይዘጋጅ። የኦክስጅንና የአሴቲሊን ችቦ ይበልጥ ይጋረፋል፤ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኢ 285 የሚባለው ፈተናም የሚሠራው በእርሱ ነው። ነገር ግን ያለ ብየዳ ባለሙያ ማንም እንዳይነካው።

ናሙናውን በወርቅ ቤት ሚዛን መዝኑ፤ ቢያንስ 0.1 ግራም የሚለይ ይሁን። ውፍረቱን በካሊበር መሐሉ ላይና ዳር አራት ቦታ ለኩ። ዳሩን በጀሶ ቀለበት ሸፍኑ፤ ነበልባሉ ዞሮ ጀርባውን እንዳይልስ። መዳቡ በነበረበት ቦታ፣ በዚያው 7 ሴንቲ ሜትር ርቀት አስቀምጡና 60 ሰከንድ አቃጥሉ። ከዚያ ችቦውን አንሱ፤ ቴርሞካፕሉን ግን አትንቀሉ።

ብዙ ፈተና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እሳቱ ሲጠፋ ሁሉም ይበተናል፤ መዝገብ ላይም «ጀርባው 60 ዲግሪ ብቻ» ተብሎ ይጻፋል። እንጀራ የጋገረ ሰው ግን ያውቀዋል፦ እሳቱ ከተጎተተ በኋላም ምጣዱ የመጨረሻዋን እንጀራ ያበስላል። ፊቱ ላይ የተከማቸው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይጓዛል፤ 60 ያለው ንባብ ከደቂቃዎች በኋላ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ንባቡ ወጥቶ ወጥቶ መውረድ እስኪጀምር፣ ከዚያም አምስት ደቂቃ ጨምራችሁ መዝግቡ። ጋሻው ያለፈው ወይም የወደቀው በዚያ ጫፍ ቁጥር ነው። ለዚህ ጉዞ የሚፈጀው ጊዜ በውፍረቱ ካሬ ያድጋል፤ ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጉት ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል።

ንባቡ ራሱ ጥፋቱን ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ውስጥ ከዘለለ ሙቀቱ በናሙናው ውስጥ አልመጣም፤ ነበልባሉ ዞሯል ወይም የቴርሞካፕሉን ሽቦ ነክቶታል። ቁጥሩ እየጨመረ ሳይሆን እየወረደ ከሄደ ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠው ገብተዋል። 93 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ለደቂቃዎች ከቆመ ደግሞ አትደሰቱ፦ ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው እዚያ ነው። ናሙናው እርጥብ ነበር፤ ሙቀቱን የያዘው ቁሱ ሳይሆን የሚተንነው ውሃ ነው። ጀሶን ናሙና አድርጎ መፈተን የሚያታልለውም በዚህ ነው፤ በውስጡ የታሰረ ውሃ አለው።

ችቦው እንደ ስታርደስት ያለውን ጉዞ አይተካም። የ184 ሚሊዮን ጁሉን ጭነት በ26 ዋት ለመሙላት 12 ደቂቃ ገደማ ማቃጠል ይፈልጋል፤ ያ ግን ሌላ ፈተና ነው። በ950 ዋት ፊቱ ቶሎ አልቆ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ በ26 ዋት ቀስ ብሎ ሲጋገር ሙቀቱ ወደ ጀርባ ለመጓዝ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ የ60 ሰከንድ ቃጠሎ የገጽታ መበላት ለማየት፣ የ5 ደቂቃ ቃጠሎ ደግሞ የጀርባ ሙቀት ለማየት ለይታችሁ ሥሩ፤ የሁለቱንም ውጤት ደምራችሁ አማካይ አታውጡ።

ሁሉም ሲያበቃ አንድ ተጨማሪ የቡሽ ናሙና መሐል 3 ሚሊ ቀዳዳ ብሱና እንደገና ፈትኑ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ሹትል ኮሎምቢያ ሰባት ጠፈርተኞቿን ይዛ የፈረሰችው በግራ ክንፏ ጠርዝ ላይ በመነሻ ጊዜ በተፈጠረ ቀዳዳ የጋለ አየር ስለገባ ነው። የቀረው ጋሻ ደኅና ነበር። የቀዳዳው ናሙና የጀርባ ንባብ ከጤነኛው አጠገብ በአንድ ግራፍ ላይ ይሳል።

መቁረጥና ማንበብ

ናሙናው አንድ ሌሊት ይደር፤ ቡሽና እንጨት ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ ሊያድር ስለሚችል አሸዋ ላይ፣ ከቤት ውጭ። በማግስቱ መዝኑት። ለምሳሌ 26 ዋት፣ ነበልባሉ የመታው 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ 60 ሰከንድ ቢሆን 18,720 ጁል ገብቷል። ናሙናው 2 ግራም ከቀነሰ እያንዳንዷ ግራም 9,400 ጁል ገደማ ይዛ ሄዳለች። ቁሶቹን የምታወዳድሩት በዚህ ቁጥር ነው። መዳቡ የለካው ቀዝቃዛ ገላ ላይ የሚያርፈውን ሙቀት ስለሆነ የጋለው ናሙና የተቀበለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለማወዳደር ግን ሁሉም በአንድ ሚዛን እስከተመዘኑ ድረስ ይሠራል።

ከዚያ ናሙናውን በሞርሳ ይዛችሁ በሴጌቶ መሐል ለመሐል ቁረጡት። ከሰሉ እንዳይረግፍ አስቀድማችሁ ፊቱን በወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉት። የቡሹ ቁራጭ ላይ ሦስት ቀለም ታያላችሁ፦ ከፊት ጥቁርና ስንጥቅጥቅ ያለ ከሰል፣ ከሥሩ ጋዝ ሲሰጥ የነበረ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር፣ ከዚያ ሙቀቱ ያልነካው የቡሹ የራሱ ቀለም። የሦስቱንም ውፍረት በካሊበር ለኩ፤ መሐሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ዳሩ ላይም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1995 በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ጁፒተር ውስጥ የገባችው የጋሊልዮ መሣሪያ ከጋሻዋ 80 ኪሎ ግራም ያህል አልቆባታል፤ አፍንጫዋ ከተገመተው ያነሰ፣ ትከሻዋ ግን ከተገመተው የበለጠ ተበልቶ ነበር። መሐሉን ብቻ የለካ ሰው ይህን አያየውም።

የሚያስፈልገው ውፍረት የሚወጣው ከእነዚህ ልኮች ነው፦ ያለቀው፣ የከሰለውና ቡናማው ተደምረው፣ በላዩ ጀርባው ከ177 ዲግሪ እንዳያልፍ የጠበቀው ያልተነካ ክፍል ይጨመርበታል። ነበልባሉ ከናሙናው ጠባብ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ጎንም ሸሽቷል፤ ውጤታችሁ ከእውነቱ ያማረ ነው። ስለዚህ በ20 ሚሊ ያለፈውን ቁስ በ15 ሚሊ፣ ከዚያ በ10 ሚሊ ሥሩና እስኪወድቅ ፈትኑት። የወደቀበት ውፍረት ካለፈበት እኩል በመዝገቡ ይጻፍ።